ተርባይን ቬንቲሌተር በጎጃም ደጋ፦ የትኛው ሞድ ያሳርፋል፣ የትኛው ጉልበት ይበላል?

ከኮቪድ ወዲህ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከገቡት ቬንቲሌተሮች (የመተንፈሻ ማሽኖች) ብዙዎቹ አየሩን በራሳቸው ተርባይን ከክፍሉ የሚስቡ ናቸው። ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላም ወይም ለእንጅባራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፕሬሰርና የታመቀ አየር የሚያመጣ የግድግዳ መስመር ባይኖርም፣ ኦክስጅን ከሲሊንደር ከተገኘ ማሽኑ ይሠራል። ሻጩ ግን ስለዚህ ብዙም አያወራም፤ ብሮሹሩ ላይ ስምንትና ዐሥር ሞድ፣ ማለትም ትንፋሽ የሚሰጥበት ስልት፣ ደርድሮ በሞድ ብዛት ነው ዋጋ የሚጠይቀው። እዚህ ሞዶቹን የምንመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሕመምተኛው ለመተንፈስ ስንት ኦክስጅንና ስንት ካሎሪ ያወጣል? ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ገንዘብ የሚገባቸው ሞዶች ኤሲ (ማሽኑ እያንዳንዱን ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ የሚሰጥበት) እና ፒኤስቪ (ሕመምተኛው ራሱ ሲስብ ማሽኑ በግፊት የሚያግዝበት) ናቸው። የተረፈው ገንዘብ የግፊቱንና የፍሰቱን ሞገድ አጉልቶ ለሚያሳይ ስክሪንና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይዋል።

ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲተነፍስ የትንፋሽ ጡንቻዎቹ የሚወስዱት ኦክስጅን ከጠቅላላ ፍጆታው 5 በመቶ አይሞላም። ሳንባው የደረቀ ወይም የአየር ቧንቧው የጠበበ ሕመምተኛ ግን ሩቡን ለዲያፍራምና ለአጋዥ ጡንቻዎች ሊያውል ይችላል። በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ሩቡን ለትንፋሽ ካወጣ፣ በቀን ወደ 90 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን 4.8 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚያቃጥል፣ ለመተንፈስ ብቻ በቀን ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይወጣል ማለት ነው። የደም ግፊቱ የወደቀ ሕመምተኛ ሲሆን ደግሞ ይባስ ይከፋል፤ ዲያፍራሙ ከአንጀቱና ከኩላሊቱ ደም ይሻማል።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ ይሻላል የሚል ካለ፣ የዚያም ዋጋ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ምንም ሳይሠራ የቆየ ዲያፍራም የጡንቻ ክሮቹ ውፍረት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ጥሩ ሞድ የሚባለው እንግዲህ ሥራውን ሁሉ የሚነጥቅም፣ ሁሉንም በሕመምተኛው ላይ የሚጭንም አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ማሽኑ የሚሰጠውና ሰውየው የሚፈልገው ሳይገጥም ሲቀር ነው። የሞዱ ስም ይህን አይናገርም፣ ሞገዱ ነው የሚናገረው።

ከሞዶቹ በፊት ከፍታውን እንይ፤ ሻጮች የሚዘሉት እሱን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ወደ 1,800 ሜትር ወርዶ ባሕር ዳር ላይ 615 ያህል ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ 60 በመቶ ኦክስጅን የሚተነፍስ ሰው የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት፣ በባሕር ወለል ከፍታ ያለ ሰው በ44 በመቶ የሚያገኘውን ያህል ነው። ለተመሳሳይ ሳንባ እዚህ ኦክስጅኑን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ ይህ ሲሊንደሩንም፣ ወደ ኋላ የምናነሳውን የሜታቦሊዝም መለኪያም ይነካል። ማሽኑ ሲተከል መጀመሪያ የሚታየው የከፍታ ማስተካከያው ነው። አንዳንዱ ማሽን በራሱ ባሮሜትር ይለካል፤ አንዳንዱ ግን ባዮሜዲካል ባለሙያው ቁጥሩን እስኪያስገባለት ይጠብቃል። ዜሮ ሜትር ላይ ከተተወ የፍሰት መለኪያው የሚያነበው ታይዳል ቮልዩም (የአንድ ትንፋሽ የአየር መጠን) ይዛባል። የኦክስጅን ሴሉም የሚለካው ግፊትን ስለሆነ አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ካሊብሬት ተደርጎ መምጣቱ አይበቃም፤ በቦታው ይደገም።

ሌላም አለ። ደጋ ላይ የኖረ ሰው ጤነኛ ሆኖም ፈጠን ወይም ጠለቅ አድርጎ ስለሚተነፍስ፣ በደሙ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከመጽሐፉ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ያለ ነው። ማሽኑ 40 ላይ ሊያቆየው ሲሞክር ሰውየው በራሱ ተጨማሪ ትንፋሽ ይስባል። “ማሽኑን ይታገላል” ተብሎ ማስተኛ የሚጨመርበት ሕመምተኛ አንዳንዴ የለመደውን ያህል ለመተንፈስ እየጣረ ያለ ሰው ነው።

ወደ ሲሊንደሩ እንምጣ። ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 7,500 ሊትር ይይዛል። ተርባይን ማሽን የሚስበው ኦክስጅን የደቂቃው ትንፋሽ በኦክስጅን መጠኑና በ0.21 ልዩነት ተባዝቶ ለ0.79 ሲካፈል የሚገኘው ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚተነፍስ፣ 60 በመቶ ላይ ያለ ሕመምተኛ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይወስዳል፤ አንድ ሲሊንደር 25 ሰዓት ያቆየዋል። ትኩሳት፣ ሕመም ወይም ያልገጠመ ሞድ የደቂቃውን ትንፋሽ 16 ሊትር ካደረሰው ግን ያው ሲሊንደር 16 ሰዓት አይሞላም። በደጋ ጋዙ ሲሶ ያህል ስለሚሰፋ ስሌቱ ትንሽ ትርፍ አለው፤ ያን ትርፍ ግን ማሽኑ በሰርኪዩቱ (በቱቦዎቹ) ውስጥ ሳያቋርጥ የሚያሳልፈው ፍሰትና የካፉ (የጉሮሮ ቱቦው ዙሪያ ፊኛ) ፍሳሽ ይበሉታል፣ ስለዚህ አትቁጠሩት። ካሎሪ በዓይን አይታይም፣ ባዶ ሲሊንደር ግን ይታያል። በአንድ ሕመምተኛ ላይ የሲሊንደር ቅያሬ በድንገት ከፈጠነ መጀመሪያ ፍሳሽ ይፈተሽ፤ ፍሳሽ ከሌለ ሰውየው ሥራ በዝቶበታል።

ከሞዶቹ ቮልዩም ኤሲ (በየትንፋሹ የታዘዘ የአየር መጠን የሚሰጠው ኤሲ) የመጀመሪያ ምርጫችን ነው፤ በተለይ ለመጀመሪያው ቀን። የአየሩ መጠን ከቁመት በሚገመት ክብደት ይሞላል። ለወንድ፣ ከቁመቱ በሴንቲ ሜትር 152.4 ተቀንሶ በ0.91 ይባዛና 50 ይደመርበታል፤ ለሴት በ50 ፈንታ 45.5። 170 ሴንቲ ሜትር ወንድ 66 ኪሎ ይወጣዋል፣ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 396 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ሞድ የሚበላሸው በፍሰቱ ነው። ብዙ ማሽን ላይ ፍሰቱ በቀጥታ አይሞላም፤ ከመሳቢያ ጊዜው ይሰላል። መሳቢያ ጊዜው 1.2 ሰከንድ ሆኖ 396 ሚሊ ሊትር ከተሰጠ፣ ፍሰቱ በደቂቃ 20 ሊትር ብቻ ነው፤ አየር የጠማው ሰው ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ የግፊቱ ሞገድ ወደ ላይ ጎብጦ መውጣት ሲገባው መሐሉ ወደ ታች ሰርጎ ይታያል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ከማሽኑ ላይ አየር እየጎተተ ነው፤ ኤሲ ላይ ስለሆነ ያርፋል ማለት አይቻልም። መፍትሔው መሳቢያ ጊዜውን ወደ 0.8 ማውረድ፣ ወይም እየቀነሰ የሚሄድ ፍሰት መርጦ ጫፉን 60 ማድረስ ነው። ፕላቶ (አየሩ ገብቶ ፍሰቱ ሲቆም የሚነበበው ግፊት) ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ በታች መቆየቱ አይረሳ። በደም አሲድ ምክንያት ገና ማሽን ላይ ከመግባቱ በፊት በደቂቃ 35 ጊዜ ሲተነፍስ ለነበረ ሰው ደግሞ የማሽኑን የትንፋሽ ቁጥር 14 ላይ መተው አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ በትንፋሽ ሲያስወግድ የቆየው አሲድ በደቂቃዎች ውስጥ ይከማቻል።

ፒአርቪሲ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙዎች እንደ ዘመናዊ ኤሲ ቆጥረው መነሻ ሞድ አድርገውታልና። አሠራሩ ሲነገር ያምራል፦ የታዘዘውን ቮልዩም በዝቅተኛው ግፊት ለማድረስ ማሽኑ በየትንፋሹ ግፊቱን ያስተካክላል። ተኝቶ ምንም ለማይስብ ሕመምተኛ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰውየው በራሱ መሳብ ሲጀምር ይመጣል። ታዝዞ የነበረው 400 ሲሆን እሱ ታግሎ 460 ከሳበ፣ ማሽኑ “ሳንባው ለቀቅ አለ” ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ሰውየው የጎደለውን ለመሙላት አጥብቆ ይስባል፤ ማሽኑ እንደገና ይቀንሳል። ፒፑ (ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ሳንባው ውስጥ እንዲቀር የሚደረገው ግፊት) 8 ሆኖ ከፍተኛው ግፊት ከ24 ወደ 13 ይወርዳል። አላርም አይጮኽም፣ ቮልዩሙ የታዘዘው ነው፣ ግፊቱም ወርዷል፤ ቻርቱ ላይ “እየተሻለው ነው” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሥራው ግን ከማሽኑ ወደ ዲያፍራሙ ዞሯል፣ ያውም በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት። ምልክቱ አንድ ነው፦ ግፊቱ እየወረደ የትንፋሽ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ፣ ግፊቱ ወደማይለዋወጥበት ፕሬዠር ኤሲ ወይም ፒኤስቪ ይቀየር፤ ከዚያ ትኩሳቱ፣ ሕመሙ፣ አሲዱ ይፈለግ። ቮልዩም ሰፖርት የሚባለውም ያው ጠባይ አለበት። ከእኛ ነጥብ ቢጠየቅ፣ ፒአርቪሲ በሌሊት ተረኛ ነርስ አራት አልጋ በምትይዝበት ክፍል የሚታመን ሞድ አይደለም።

ስለ ሲምቪ (ማሽኑ የታዘዙትን ትንፋሾች ብቻ ሰጥቶ የቀሩትን ለሕመምተኛው የሚተውበት ሞድ) የምንለው አጭር ነው፤ ባይገዛም አይቆጭም። ዐሥር ግዴታ ትንፋሽ ታዝዞለት በደቂቃ 24 የሚተነፍስ ሰው ዐሥራ አራቱን ከሞላ ጎደል በራሱ ይጎትታል። ቀጣዩ ትንፋሽ የታገዘ ይሁን አይሁን አእምሮው አስቀድሞ ስለማያውቅ በታገዙትም ላይ እኩል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የስፔን ጥናት በቀን አንድ ጊዜ በራስ እንዲተነፍሱ የተሞከሩት በሲምቪ ቀስ በቀስ ከተቀነሰላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥነው ከማሽን መላቀቃቸውን አሳይቷል። ከፍ ያለ ግፊት ይዞ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚለቀው ኤፒአርቪም ለእኛ ሁኔታ አይደለም፤ የሚለቀቅበት ጊዜ በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ የሚስተካከል ሞድ አልጋው አጠገብ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

ኤኤስቪ የሃሚልተን ማሽኖች ሞድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን የአነስተኛ ሥራ ስሌት ይዞ፣ ለሳንባው ትንሹን ድካም የሚጠይቀውን የቁጥርና የቮልዩም ጥምረት ራሱ ይመርጣል። ከሁሉም ለሜታቦሊዝም የቀረበ ሐሳብ ያለው ይኼ ነው። ነገር ግን የደቂቃው ትንፋሽ 100 በመቶ ይሁን ሲባል ለአዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ማለት ነው፤ ለ66 ኪሎው ሰው 6.6 ሊትር። ማሽኑ የሰውየውን ቁመት እንጂ የሚያመርተውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያውቅም። ትኩሳት ያለበትን ሰው 100 በመቶ ላይ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ከ120 እስከ 150 ድረስ ከፍ ማድረግና ደሙን ማየት ያስፈልጋል።

ፒኤስቪ ከቀናት በኋላ የሚመረጠው ነው፤ ብቻ በደንብ ይሞላ። ከመጠን በላይ ሲታገዝ ቮልዩሙ በኪሎ ከ10 ሚሊ ሊትር ያልፋል፣ ዲያፍራሙ ይተኛል፤ ሲያንስ ቁጥሩ ከ30 ያልፋል። በማገዶ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች ላይ ደግሞ የተለየ ጥፋት አለ። ማሽኑ መሳቢያውን የሚያቆመው ፍሰቱ ከጫፉ ወደ 25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ በጠበበ ቧንቧ ፍሰቱ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ እናቲቱ ማውጣት ጀምራ እንኳ ማሽኑ ይገፋል። አየሩ ሳይወጣ ይቀራል፣ ሳንባው ይነፋል፣ የሚቀጥለው ሙከራዋ ማሽኑን ማስነሣት ያቅተዋል። ስክሪኑ 18 ሲል ደረቷ 28 ጊዜ ይነሣል፤ ለዐሥሩ ሙከራ ካሎሪ ወጥቶ አየር አልገባም። ማቆሚያውን ወደ 40 ወይም 50 በመቶ ከፍ ማድረግ፣ ግፊቱን መቀነስ፣ ፒፕ ወደ 5 ማምጣት አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከደረት ይቆጠር።

ጥረቱን በነጻ የሚለካ ፈተና አለ። ትንፋሽ ሊወጣ ሲያልቅ የማውጫ ማቆያ ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሙከራ ማስያዝ፤ ግፊቱ ከፒፕ በታች ስንት እንደወረደ አንብቦ በ0.75 ማባዛት። ውጤቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከሆነ ደህና ነው፤ 15 ከሆነ ሰውየው እየደከመ ነው፤ 2 ከሆነ ማሽኑ ሁሉን ወስዶበታል። ማሽኑ ፒ0.1 (በሙከራው የመጀመሪያ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ግፊቱ የሚወርደውን) የሚያሳይ ከሆነ ከ1 እስከ 4 ድረስ ያለው ይመረጣል።

በጎጃም ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የማይቀረው የፀረ ተባይ መመረዝ ለብቻው ይታይ። ሕመምተኛው ነቅቶ፣ አትሮፒን በተባለው መድኃኒት የሳንባና የአፍ ፈሳሹ ደርቆ፣ ፒኤስቪ ላይ በሚያምር ሞገድ ሲተነፍስ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ጡንቻው እንደገና ሊከዳው ይችላል። ከማላቀቅ በፊት ራሱን ከትራስ ቀና አድርጎ እንዲያቆይ ይጠየቅ፤ አንገቱ ካልታዘዘ ኤሲ ላይ ይቆይ። የመንጋጋ ቆልፍ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የትኛውም ሞድ ብቻውን አያሳርፍም፤ ካሎሪውን የሚያቃጥለው የመላ ሰውነት መወጠር ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይርገብ።

አሁን መለኪያው። ኦክስጅን የሚገባውንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣውን አብሮ የሚለካ ሞጁል፣ ለምሳሌ በጂኢ ኬርስኬፕ አር860 ላይ የሚገጠመው፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ስሌቱ ይኸው፦ ኦክስጅን በ3.94፣ ካርቦኑ በ1.11 ተባዝተው ይደመሩና በ1.44 ይባዛሉ። 250 እና 200 ሚሊ ሊትር ለሚያነብ ሕመምተኛ በቀን ወደ 1,740 ኪሎ ካሎሪ ይወጣል። ሆኖም ኦክስጅኑ ከ60 በመቶ ካለፈ ልኬቱ አይታመንም፤ የገባውና የወጣው ኦክስጅን ልዩነት እየጠበበ ትንሿ ስሕተት ትገዝፋለች። በደጋ ሕመምተኛው እዚያ ገደብ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ፣ ለደብረ ማርቆስ ይህን ሞጁል መግዛት ለባሕር ዳር የመግዛትን ያህል አያዋጣም። ርካሹ አማራጭ ቮልዩሜትሪክ ካፕኖግራፊ (በትንፋሽ የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚለካ) ነው፤ የካርቦኑ ምርት በ8.19 ይባዛል፣ 200 ቢያነብ ወደ 1,640። ሞድ ከተቀየረ በኋላ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ሰውነት ውስጥ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ ስለሆነ፣ ትንፋሽ በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው የድሮው ክምችት ነው፤ በአምስተኛው ደቂቃ የተነበበ ቁጥር ስለ ሜታቦሊዝም ምንም አይናገርም።

ዕቃዎቹም ካሎሪ ይበላሉ። የአፍንጫ ምትክ የሚሆነው ማጣሪያ፣ ኤችኤምኢ፣ ለአዋቂ ከ30 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ባዶ ቦታ ይጨምራል። በ350 ሚሊ ሊትር ለሚተነፍስ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ቢጨመር ከስድስት አንድ ያህል ከንቱ ትንፋሽ ነው። ካርቦኑ አልወርድ ካለ ከሞድ በፊት እሱ ይነሣ፣ በማሞቂያ ይተካ። ጭራሹን ማርጠቢያ ሳይደረግ በደረቅ ጋዝ መተው ግን አይታሰብ፤ በደቂቃ 10 ሊትር ደረቅ ጋዝ ለማርጠብ ሰውነት በቀን ከ600 ሚሊ ሊትር በላይ ውሃና ከ360 ኪሎ ካሎሪ በላይ ሙቀት ያወጣል። ማሞቂያ ሲያዝ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ሲንቀሳቀስ ማሽኑን በሐሰት ያስነሣል። ትሪገሩ (ማሽኑን የሚያስነሣው የፍሰት ወሰን) በደቂቃ 2 ሊትር ላይ ሆኖ የማይስብ ሕመምተኛ ቁጥሩ በድንገት ካሻቀበ ውሃው ይደፋ፤ ካልሆነ ፍሳሽ ይፈለግ።

ምግቡ ከሞዱ ጋር አብሮ ይታሰብ። መለኪያ ከሌለ በኪሎ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ካሎሪ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከ70 በመቶ አይበልጥ። የከሳ ሰው ከግማሽ ይጀምር፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሰጠው፣ ፎስፌቱ ይታይ፤ ፎስፌት ሲወርድ ዲያፍራም ይዝላል፣ ከማሽን የማይላቀቀውም ለዚያ ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ መመገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያበዛል፤ ምርቱ ከ200 ወደ 250 ቢያድግ ያንኑ 40 ለመጠበቅ የሳንባ ከረጢቶቹ ትንፋሽ በደቂቃ ከ4.3 ወደ 5.4 ሊትር መውጣት አለበት። በቱቦ የሚሰጥ አጥሚት ቀጥኖ ካልሆነ ቱቦ ይደፍናል፣ ከቀጠነ ደግሞ ካሎሪው አነስተኛ ነው፤ ፕሮቲኑ በሁለቱም አይሞላም። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ወተት፣ ኤፍ-100፣ በ1,500 ሚሊ ሊትር 1,500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን 43 ግራም ያህል ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው የሚፈለገው 78 ነው። እንቁላልና ወተት ይጨመር። በጾም ወቅት ቤተሰብ ቢያመነታ የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ፕሮፖፎል የተባለውን ማስተኛ የሚወስድ ሰው በሚሊ ሊትር 1.1 ኪሎ ካሎሪ በስብ መልክ እየገባለት ስለሆነ ከምግቡ ይቀነስ።

ለሚገዛ ክፍል የምንመክረው፦ ተርባይን ማሽን፣ ኤሲና ፒኤስቪ፣ የሚስተካከል የማቆሚያ መቶኛ፣ የማውጫ ማቆያ፣ የግፊት፣ የፍሰትና የቮልዩም ሞገዶችን አንድ ላይ የሚያሳይ ስክሪን፣ ካፕኖግራፊ። ርክክብ ላይ ማሽኑ በሙከራ ሳንባ ተገጥሞ፣ ከፍታው ተሞልቶ፣ መብራቱ ከሶኬት ተነቅሎ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራ፤ የቆየበት ሰዓት በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። የፍሰት ሴንሰርና የማውጫ ቫልቭ መለዋወጫ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ። የኦክስጅን ሴል ግን በብዛት አይከማች፤ ሳይሠራም በመደርደሪያ ላይ ያልቃል። የተርባይኑ የአየር ማጣሪያ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው አቧራ በየሳምንቱ ተነቅሎ ይራገፍ፤ ሲደፈን ተርባይኑ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ፍሰቱ ያንሳል።